ስለ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር

ባሕረ ሐሳብ የሚማር ደቀ መዝሙር ዐውዶቹን በቃሉ ሲያጠና በመጨረሻ የሚደርስበት ቍጥር 532 ነው፤ ይኸውም ዐቢይ ቀመር ይባላል። ቍጥሩ የ4፣ የ7 እና የ19 ብዜት ነው። አራቱ ስለ ወንጌላውያን ዘመን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጕሜን 6 ትሆናለችና። ሰባቱ ስለ ሳምንት ዕለታት፣ ዐሥራ ዘጠኙም ስለ አበቅቴና መጥቅዕ ነው።

ወንጌላዊውና አበቅቴው በአንድነት የሚመለሱት በ76 ዓመት ነው፤ ይህም ዐውደ ማኅተም ነው። ነገር ግን በ76 ዓመት ውስጥ ያሉት 27,759 ዕለታት ለ7 ቢካፈሉ 4 ይተርፋል፤ ስለዚህ ሰኞ የነበረው ቀን ዐርብ ይውላል። ሰባት ጊዜ 76 ሲሆን ግን ዕለቱ 194,313 ይሆናል፤ ይህም በሰባት ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ያን ጊዜ ትንሣኤና ከእርሱ ጋራ የሚወጡትና የሚወርዱት በዓላትና አጽዋማት ኹሉ ወደ ቀድሞው ቀናቸው ይመለሳሉ።

ትውፊት ባሕረ ሐሳብን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የ532 ዓመቱን ዑደት በሥራ ላይ ያዋለው ግን በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የእስክንድርያ መነኵሴ አንያኖስ ነው፤ በላቲኖችም ዘንድ ቪክቶርዮስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ457 ሠንጠረዡን ሠርቷል።

የታሪክ ጸሓፊን የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የቀደሙት ጸሓፍት ዓመተ ምሕረት ሲሉ ብዙ ጊዜ ዛሬ ዓ.ም. የምንለውን ማለታቸው አይደለም፤ ከዘመነ ሰማዕታት ጀምረው ይቈጥሩና 532 ሲሞላ እንደ ገና ከ1 ይጀምራሉ። (ዘመነ ሰማዕታት የጀመረው ከዓመተ ዓለም 5,776 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ይህም 76 ጊዜ 76 መሆኑ ያስደንቃል።) በክብረ ነገሥት መጨረሻ መጽሐፉ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በ409 ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ ተጽፏል። ይህን ዛሬ እንደምንቈጥረው የሚያነብ ሰው ሥራውን ከአፄ ካሌብ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ ያኖረዋል። በቀመር ሲታይ ግን 409 ወይ 685፣ ወይ 1217፣ ወይ 1749 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል። ቍጥሩ ብቻውን ከሦስቱ አንዱን አይለይም፤ የሚለየው በዚያው ስፍራ የተጠቀሰው የንጉሥ ላሊበላ ስም ነው፤ ስለዚህም 1217 ይሆናል።

በቤተ አምሐራ የነበረው መካነ ሥላሴ የተቃጠለበት 1524 ዓ.ም. በዚህ አቈጣጠር 184 ነው። ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ባሉት አድባራት በብራና ኅዳግ እንዲህ ያለ ትንሽ ቍጥር ቢገኝ፣ አብሮት ያለውን የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም ሳይመለከቱ ዘመኑን መወሰን ድፍረት ነው።

በሰማዕታት አቈጣጠር አዲሱ ቀመር የገባው በ1873 ዓ.ም. ነው። ከዓመተ ዓለም ለሚቈጥር ግን 14 ጊዜ 532 የሞላው በ7,448፣ ማለት በ1948 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዐሥራ አምስተኛው ቀመር መስከረም 1 ቀን 1949 ጀምሮ በ2480 ይፈጸማል።