እንግዳ ሳይመጣ በፊት፦ እምብዛም ያልተጎበኙ ታሪካዊ ቦታዎች ሳይጎዱ እንዲጠቅሙ ምን ያስፈልጋል?

ወደ ላስታ የሚያቀና እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የቅዱስ ላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ይመለሳል። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች መካከል በመኾናቸው ስማቸው ከሀገር አልፎ የናኘ ነው። በዙሪያቸው ግን ይምርሐነ ክርስቶስ፣ አሸተን ማርያም፣ ነአኵቶ ለአብ፣ ገነተ ማርያም እና የቢልባላ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ብዙ እንግዳ አይደርስባቸውም፤ ጠባቂዎቻቸውም ካህናቱና በዙሪያቸው የሚያርሰው ገበሬ ናቸው።

እንዲህ ያሉ ቦታዎች በክልሉ ብዙ ናቸው። በእንፍራዝ የሚገኘው የጉዛራ ቤተ መንግሥት፣ በጣና ዳር ያለችው የጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም፣ በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም እና በሸዋ አንኮበር ተጠቃሾች ናቸው። ሁሉም "ጎብኚ ይምጣልን" የሚል ጥያቄ ይነሣባቸዋል። ከዚያ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ እንግዳው ሲመጣ ቅርሱን ማን ይጠብቃል? ገቢውስ ለማን ይደርሳል?

የይምርሐነ ክርስቶስ ምሳሌነት

ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ከተማ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ፣ በጥድ ደን መካከል ባለ ዋሻ ውስጥ ይገኛል። ስያሜውን ያገኘው ከቅዱስ ላሊበላ በፊት ከነገሠው የዛግዌ ንጉሥ ነው። እንደ ላሊበላ ከዓለት የተፈለፈለ ሳይኾን፣ ድንጋይና እንጨት በመደዳ እያፈራረቀ በሚሠራው የአክሱም ዘመን ጥበብ የታነጸ ነው። ድንጋዩ በነጭ ልስን ተሸፍኗል፤ የጣሪያው እንጨት በልዩ ልዩ ሐረግና ቅርጽ አጊጧል። የግድግዳ ሥዕሎቹም በሀገራችን ከሚገኙት እጅግ ጥንታዊዎቹ መካከል ይቆጠራሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ደግሞ የቀደሙ ምዕመናን አጽም በብዛት ዐርፏል።

ይህን ያህል ዘመን የቆየው በዋሻው ከዝናብ በመጠለሉ፣ በደኑ በመከበቡና ከመንገድ ርቆ በመኖሩም ጭምር ነው። መንገድ ሲቀርብ ከሦስቱ አንዱ ጠባቂ ይነሣል ማለት ነው። ስለዚህ የመንገዱን ቦታ የሚተካ ሥርዓት ያስፈልጋል።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

በቅርስ ላይ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በአንድ ቀን አይደለም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ሲገባ ትንፋሹ እርጥበት ይፈጥራል፤ የጧፍና የሻማ ጢስ ሥዕሉን ያጠቁራል፤ የእጅ ንክኪ ልስኑን ያረግፋል። ሰውና በቅሎ የሚመላለሱበት መንገድ ካልተበጀ ክረምት ሲመጣ ቦይ ኾኖ አፈሩን ይጠርጋል። አርሶ አደር ይህን አያጣውም፤ የከብት መሄጃ እንዴት ቦረቦር እንደሚኾን በዐይኑ ያየው ነገር ነው።

ሌላው ጉዳት ከበጎ ሐሳብ የሚመነጭ ነው። የተሰነጠቀን ጥንታዊ ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱ መውጫ እንዲያጣ ያደርጋል፤ ድንጋዩም ከውስጥ እየተፈረፈረ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጥንታዊ ግንብ ሲጠገን ኖራን የመሰለ ከቀድሞው ሥራ ጋር የሚስማማ ማያያዣ የሚመረጠው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይጠገንና ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል። በእርሻም ኾነ በግንባታ ቁፋሮ ጥንታዊ ነገር ያገኘ ሰው ግኝቱን ማሳወቅ ግዴታው ነው። ገበሬው በማረሻው ጫፍ የተቀረጸ ድንጋይ ወይም የሸክላ ዕቃ ቢያገኝ፣ ሳያንቀሳቅስ ለወረዳው ባሕልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መናገር ይኖርበታል።

ልክ ማበጀት

አንድ ቦታ ስንት እንግዳ እንደሚችል መወሰን ለገበሬ አዲስ ትምህርት አይደለም። የግጦሽ መሬት ከልክ በላይ ከብት ከገባበት ሣሩ ተነቅሎ ያልቃል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ለዘመናት ያቆየው መሬቱን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ በሥርዓት ከፍቶ በማጨድ ነበር። ቅርስም እንዲሁ ነው። በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ቁጥር፣ የሚዘጋበት ሰዓትና የማይገባበት ክፍል አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል። ይህን የመወሰን ቅድሚያ የካህናቱ ነው፤ ቦታው ከሁሉ በፊት የጸሎት ቤት ነውና።

ገቢው እንዴት ይከፈል?

ከሁሉ የሚከብደው ክፍፍሉ ነው። የመግቢያ ክፍያ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃና አገልግሎት ይውላል። ከደጁ ውጭ ያለው ሥራ፣ ማለትም በቅሎ ማከራየት፣ መንገድ መምራት፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ማርና የሽመና ውጤት መሸጥ ደግሞ የነዋሪው ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ጠብ ይነሣል፤ ጠብ ባለበት ቅርሱ ጠባቂ ያጣል።

በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። እንደ መቋት ማርያምና ወጀላ ባሉ መንደሮች ነዋሪዎች በአካባቢው ድንጋይና ሣር ጎጆ ሠርተው፣ በእግር የሚጓዙ ጥቂት ጥቂት እንግዶችን ተቀብለዋል። ሥራውን የሚመራ ኮሚቴ ከራሳቸው መርጠዋል። ዋናው ነገር ትልቅ ሆቴል አለመገንባታቸው ነው። እንግዳው የገበሬውን ኑሮ ሊያይ ይመጣል እንጂ ኑሮውን አይተካውም።

ተራ ማስያዝ ቀላሉ የፍትሕ መንገድ ነው። ለምሳሌ 30 አባወራዎች አንድ አንድ በቅሎ ቢኖራቸውና በቀን 6 በቅሎ ቢፈለግ፣ እያንዳንዱ በየ5 ቀኑ ተራ ይደርሰዋል። ገጣባ በቅሎ ያመጣ ተራውን ያጣል የሚል ደንብ ቢጨመር እንስሳውም ይጠበቃል። በቅሎ የሌላቸው፣ በተለይም ሴት አባወራዎች፣ በምግብና በማደሪያው ሥራ ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል። ገቢው በደረሰኝ፣ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ሒሳቡም እንደ እድር ሒሳብ በየጊዜው በሕዝብ ፊት ይነበብ።

ለልጆች በመንገድ ላይ ገንዘብ መስጠት መከልከል አለበት። አንድ ብር ያገኘ ልጅ ነገ ከትምህርት ቤት ይቀራል። መርዳት የሚሻ እንግዳ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለኮሚቴው ይስጥ።

የአዝመራና የእንግዳ ወራት

እንግዳ የሚበዛው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ነው፤ መስቀል፣ ገና እና ጥምቀት በዚሁ ወቅት ይውላሉ። የቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ክብረ በዓልም ጥቅምት 19 ነው። ይህ ወቅት ደግሞ አጨዳና ውቂያ የሚበረታበት ነው። መንገድ ሊመራ የሄደ ገበሬ እህሉ ማሳ ላይ ቢረግፍበት ያገኘው ገንዘብ ኪሳራውን አይሸፍንም። ስለዚህ የተረኞች ዝርዝር ከአዝመራው ጋር ተናቦ ይውጣ፤ ተረኛ የኾነውንም ጎረቤቶቹ በወንፈል ይተኩት።

የቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ነገር አስተምረዋል። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከዚያም ጦርነቱ የእንግዳውን እግር ሲያቋርጡት፣ ኑሯቸውን በሙሉ በቱሪዝም ላይ የጣሉ የላሊበላ ከተማ ነዋሪዎች ክፉኛ ተቸግረዋል። በሬውን ሸጦ በቅሎ የገዛ ገበሬ እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። የእንግዳ ገቢ ለእርሻው ድጋፍ እንጂ ምትክ ሊኾን አይገባውም። በደጉ ዓመት ከሚገኘውም ጥቂቱ ለክፉ ቀን፣ ጥቂቱ ለቅርሱ ጥገና ይቀመጥ።

ከማስተዋወቅ በፊት

አንድ ቀበሌ የአካባቢውን ቅርስ ለማስተዋወቅ ከመነሣቱ በፊት አምስት ነገሮችን ቢያረጋግጥ መልካም ነው። ንዋያተ ቅድሳቱና ቅርሶቹ ተቆጥረው ተመዝግበዋል? የእግር መንገዱ ተበጅቷል? መጸዳጃ ከምንጩ ርቆ ተዘጋጅቷል? ኮሚቴው በሕዝብ ተመርጧል? ደኑን የሚጠብቅ ሰው ተመድቧል? ለእነዚህ መልስ ያለው ቀበሌ እንግዳውን በልበ ሙሉነት ይቀበላል። መልስ የሌለው ግን አንድ ዓመት ቢዘገይ ይሻለዋል፤ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ አይጎዳም፣ የረገፈ ሥዕል ግን አይመለስም።