ኦሮማይ

በዓሉ ግርማ
ልብ ወለድ፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት፣ አዲስ አበባ፣ 1975 ዓ.ም.

ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ወታደራዊው መንግሥት ደርግ በኤርትራ ጦርነት ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይወርዳል። እዚያ ፍቅር ይይዘዋል፤ ሰላዮችም በየጥጉ ያደባሉ። ማሞ ውድነህ በስለላ ታሪኮቹ፣ ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶቹ ለልብ አንጠልጣይ ድርሰት ብዙ አንባቢ አፍርተዋል። በዓሉ በዚሁ የአጻጻፍ ስልት፣ በሴራና በጥርጣሬ፣ በአደባባይ የማይነገረውን የጦርነቱን ገበና ጻፈበት።

መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። የደረሰበት እስከ ዛሬ በይፋ አልተነገረም።

ከመሰብሰብ የተረፉት ቅጂዎች ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታተመ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀረበ። የስለላ ልብ ወለድ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው ለሚል ሁሉ ኦሮማይ በቂ መልስ ነው፦ አንድ መንግሥት ይህን መጽሐፍ ፈርቶታል፤ አንድ ትውልድም የዘመኑን እውነት አንብቦበታል።