ጆርጅ ሜሊ፦ ሕይወቱን ያልሸፋፈነው የጃዝ ድምፃዊና ደራሲ

እንግሊዛዊው የጃዝ ድምፃዊ፣ ደራሲና ሐያሲ ጆርጅ ሜሊ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 5 ቀን 2007 በ80 ዓመቱ ነው። መድረክ ላይ ሲወጣ በደማቅ ባለመስመር ሙሉ ልብሱና በሰፊ ባርኔጣው ከሩቅ ይለይ ነበር። ከአለባበሱ በላይ ያስታወሰው ግን ስለ ራሱ ያለ ይሉኝታ የመናገር ልማዱ ነው። ይህ ልማድ በመጽሐፎቹ ጎልቶ ታይቷል፤ በሕመሙ ወቅትም አልተለየውም።

ከሊቨርፑል እስከ ለንደን

ሜሊ እ.ኤ.አ ኦገስት 17 ቀን 1926 በወደብ ከተማዋ ሊቨርፑል ተወለደ። አባቱ በሱፍ ንግድ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ስቶ በተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ሲማር የጃዝ ሸክላዎችን አዳመጠ፤ አሜሪካዊቷ የብሉዝ ንግሥት ቤሲ ስሚዝም የዕድሜ ልክ አርአያው ሆነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የባሕር ኃይል አባል ሆኖ አገለገለ። ከዚያም በለንደን፣ የሕልምን ዓለም በሥዕል የሚገልጹ የሰርሪያሊዝም ሠዓሊያን ሥራዎች በሚታዩበት ማዕከል ተቀጠረ። ለዚህ የሥዕል ጥበብ የነበረው ፍቅር እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ዘልቋል።

ድምፁና መድረኩ

ጃዝ በአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ከጥቁር ሕዝቦች ሕይወት የፈለቀ ሙዚቃ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በርካታ የእንግሊዝ ወጣቶች ቀደምቱን የኒው ኦርሊንስ ስልት እንደገና ለማስነሣት ተነሡ። ሜሊም በትራምፔት ተጫዋቹ ሚክ መሊጋን የሚመራውን ቡድን ተቀላቅሎ ከከተማ ከተማ እየዞረ ዘፈነ። በተለይ የሚወደው ብሉዝ እንደ እኛው እንጉርጉሮ ሐዘንን ይሸከማል፤ ፌዝና ቀልድም አያጣውም። ሜሊ ሁለቱንም በአንድ መድረክ ማስኬድ ያውቅበት ነበር።

ብዕሩ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጃዝ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወደ ጽሕፈት አዘነበለ። ኦብዘርቨር በተባለው ጋዜጣ ላይ ሐያሲ ሆኖ ሠራ፤ ክላርኔት ተጫዋቹ ዋሊ ፎክስ ይሥለው ለነበረው "ፍሉክ" ለተሰኘ የጋዜጣ ተከታታይ የሥዕል ታሪክም ጽሑፍ አዘጋጀ።

በ1965 የታተመው "ኦውኒንግ አፕ" የተሰኘ ግለ ታሪኩ የተጓዥ ሙዚቀኞችን ኑሮ ከነመጠጡ፣ ከነማጣቱና ከነቅሌቱ ያሳያል። የርዕሱ ፍቺ የሠሩትን ማመን እንደማለት ነው። በ1970 ባሳተመው "ሪቮልት ኢንቱ ስታይል" ደግሞ ወጣቶች በአመፅ የጀመሩት ነገር ውሎ አድሮ ፋሽን ሆኖ ለገበያ እንደሚቀርብ አብራርቷል።

በ1970ዎቹ ከጆን ቺልተን ቡድን ጋር ወደ መድረክ ተመልሶ ለበርካታ ዓመታት አብሮ ሠራ። ከሙዚቃ ቀጥሎ የሚወደው ዓሣ ማጥመድ ነበር። ካሰባሰባቸው ሥዕሎች የተወሰኑትን ሸጦ በዌልስ በኡስክ ወንዝ ላይ ዓሣ የሚያጠምድበትን ስፍራ እስከ መግዛት ደርሷል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በእርጅናው ጆሮው ደከመ፣ ትንፋሹም አጠረው። በኋላም የሳንባ ካንሰርና የመርሳት በሽታ ታወቀበት። ብዙ ቤተሰብ የመርሳት በሽታን በጓዳ ደብቆ በሚያስታምምበት ዘመን ሜሊና ባለቤቱ ዳያና ጉዳዩን በአደባባይ ተናገሩ። እርሱም በ2005 "ስሎዊንግ ዳውን" በተሰኘው መጽሐፉ እርጅናን በቀልድ አዋዝቶ ጻፈ። አቅሙ ሲደክም ተቀምጦ መዝፈኑን ቀጠለ። ከሞቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎም በለንደኑ ዋን ሀንድረድ ክለብ በመርሳት በሽታ የተያዙ ሰዎችን ቤተሰቦች ለሚደግፍ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገቢ ማሰባሰቢያ በተዘጋጀ ዝግጅት ላይ ዘፈነ።

አስከሬኑ የተሸኘው በካርቶን በተሠራ ሣጥን ነው። ወዳጆቹ ሣጥኑን በሥዕልና በስንብት ቃላት አስጊጠውት ነበር። ሥዕልን፣ ቀልድንና መድረክን አብዝቶ ለወደደ ሰው የተስማማ ስንብት ሆነለት። ካስቀረጻቸው ዘፈኖችና ከመጽሐፎቹ ጋር የመርሳት በሽታን ያለ ኀፍረት በአደባባይ የገለጸበት ድፍረቱም የሚታወስበት ቅርስ ነው።