የአዳማ መሀል የቱ ጋ ነው?

ለሁለት ቀን ዕረፍት ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መሀል ከተማ የቱ ጋ ልረፍ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የአዳማ መሀል ግን በአንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም፤ መጓጓዣው በተለወጠ ቁጥር አብሮ ይዞራል።

የመጀመሪያውን መሀል የሠራው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አዳማም በጣቢያዋ ዙሪያ አደገች። ከባቡር የወረደ መንገደኛ ሻንጣ ይዞ ሩቅ ስለማይሄድ አልጋ ቤቱም፣ ሻይ ቤቱም፣ ሱቁም ወደ እሱ ቀረቡ። «መሀል» ማለት ለጣቢያው ቅርብ ማለት ነበር።

በ1954 ወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ በ1960 የቆቃ ግድብ ተመረቀ። መኪና በዛ። አዳማ የአዲስ አበባ፣ የድሬዳዋና የአሰላ መንገዶች መገናኛ ናትና እንግዳው ፊቱን ከሐዲዱ ወደ አስፋልቱና ወደ መናኸሪያው አዞረ። በ2000 የኦሮሚያ ዋና ከተማ ስትሆን ደግሞ ሌላ ዓይነት እንግዳ በዛ፤ አበል ይዞ የሚመጣ ተሰብሳቢ። ዋና ከተማነቱ በ2005 ወደ አዲስ አበባ ቢመለስም ስብሰባው አልቀረም። ሆቴሉ ከአልጋው እኩል አዳራሹን ይሸጣል።

የ2014ቱ ፈጣን መንገድ ግን ነገሩን ገለበጠው። አዲስ አበባ ስለቀረበች ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለሰው በረከተ። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከተማዋን የወለደው ባቡር ዛሬ መንገደኛውን ዳር ላይ አውርዶት ይሄዳል። የዚህን ዋጋ የሚከፍለው በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ በእንግዳ ሲተዳደር የኖረው ሰው ነው።

መልካሳን ያየ ይህን ይረዳል። ከአዳማ በአሰላ መንገድ ጥቂት ወረድ ብላ፣ አዋሽ ዳር ያለች፣ የታወቀ የግብርና ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት። ወደ ሶደሬ ፍልውሃ የሚሄደው ሁሉ በእሷ ያልፋል፤ የሚያድርባት ግን ጥቂት ነው። ለሶደሬ ብሎ ለመጣ ሰው ከአዳማ መሀል ይልቅ እሷ ትቀርባለች።

ስለዚህ ማደሪያ የሚመርጥ ሰው «መሀሉ የት ነው?» ከማለቱ በፊት «የመጣሁት ለምንድን ነው?» ቢል ይሻለዋል። ከተማውን የሚመራ ደግሞ መንገድ ሲያዞር የማንን እንጀራ አብሮ እንደሚያዞር ማሰብ አለበት።