«ሪህ» ከሚለው ስም ባሻገር፦ ሩማቶይድ አርትራይተስ ተለይቶ የታወቀበት ታሪክ

በአገራችን መገጣጠሚያውን የታመመ ሰው ብዙውን ጊዜ «ሪህ ነው» ወይም «ቁርጥማት ነው» ይባላል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በስሙ የሚጠሩት በሽታዎች ብዙ ናቸው። ይህ መቀላቀል ግን በእኛ ዘንድ ብቻ የታየ አይደለም፤ የአውሮፓ ሕክምናም ለረጅም ዘመን ሳይላቀቀው ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1800 በፓሪስ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የ28 ዓመቱ ሐኪም ኦጉስተን ዣኮብ ላንድሬ-ቦቬ፣ በመመረቂያ ጽሑፉ የዘጠኝ ሴቶችን ሕመም ገለጸ። በዘመኑ ሪህ የባለጸጎች፣ በተለይም የወንዶች በሽታ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። እነዚህ ሕሙማን ግን ድሆች ሴቶች ነበሩ። ሕመማቸውም በአንድ መገጣጠሚያ ላይ በድንገት ተነሥቶ የሚበርድ ሳይሆን፣ ብዙ መገጣጠሚያዎችን ይዞ የሚዘልቅ ነበር። ላንድሬ-ቦቬ ልዩነቱን ቢያስተውልም ከአሮጌው ስም አልወጣም፤ በሽታውን ከአቅም ማጣት ጋር የተያያዘ የሪህ ዓይነት አድርጎ ሰየመው።

ሁለቱን በሽታዎች ለመለየት መሠረት የጣለው እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ባሪንግ ጋሮድ ነው። ጋሮድ እ.ኤ.አ. በ1848 በሪህ ሕሙማን ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በርክቶ እንደሚገኝ አሳየ። በ1859 ባሳተመው መጽሐፍም «ሩማቶይድ አርትራይተስ» የሚለውን ስም አቀረበ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ላቦራቶሪ ሌላ አጋዥ ሆኖ መጣ። ኖርዌያዊው ኤሪክ ቮለር በ1940፣ አሜሪካዊው ሃሪ ሮዝ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በ1948፣ የሕሙማኑ ሴረም በፀረ እንግዳ አካል የተሸፈኑ የበግ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደሚያጣብቅ ገለጹ። ዛሬ ሩማቶይድ ፋክተር የምንለው ይኸው ነው። ሆኖም ምርመራው ፍጹም ዳኛ አይደለም። በሳንባ ነቀርሳ፣ በሄፓታይተስ ሲ፣ በልብ የውስጥ ሽፋን ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም በጤነኛ አረጋውያን ላይ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ከሕሙማኑ መካከል ውጤታቸው ኔጋቲቭ የሚሆን ጥቂቶች አይደሉም። ስለሆነም በውጤቱ ብቻ በሽታው አለ ወይም የለም ማለት ያሳስታል።

የምርመራ መስፈርቶች ታሪክም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የ1987ቱ የአሜሪካ መስፈርት ከሰባት ነጥቦች አራቱ እንዲሟሉ ይጠይቅ ነበር፤ ከነጥቦቹ መካከልም ከቆዳ ሥር የሚወጡ እብጠቶችና በራጅ የሚታይ የአጥንት ጉዳት ይገኙበታል። እነዚህ በአብዛኛው በሽታው ከጠና በኋላ የሚመጡ ምልክቶች በመሆናቸው፣ መስፈርቱ ጀማሪውን በሽታ ለመያዝ አልበቃም። አሜሪካና አውሮፓ በጋራ ባወጡት የ2010 መስፈርት ሁለቱ ነጥቦች ከውጤት ሰንጠረዡ ወጥተው፣ ያበጡ ወይም ሲነኩ የሚያሙ መገጣጠሚያዎች ብዛት፣ የደም ምርመራዎችና የስድስት ሳምንት ቆይታ ተተኩ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም የምርመራው መነሻ ላንድሬ-ቦቬ የጀመረበት ነው፤ ሕመምተኛዋን ማድመጥና እጆቿን መመልከት። ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ብለው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆዩባት፣ የሁለት እጆቿ አንጓና የጣቶቿ ሥር መገጣጠሚያዎች ያበጡባት እናት የደም ውጤቷ ኔጋቲቭ ቢሆን እንኳ «ሪህ ነው» ተብላ በማስታገሻ ብቻ ልትሸኝ አይገባም። እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች በጊዜ ሲጀመሩ መገጣጠሚያን ከጉዳት ይታደጋሉ፤ አንዴ የተበላ አጥንት ግን እንደ ቀድሞው አይመለስም።