ሒሳቡን ዘግቶ የወጣ ሰው

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላሉ አበው። እኔ ግን ሕልምን የምፈራው ከመተኛቴ በፊት ሳይሆን ከነቃሁ በኋላ ነው። ሌሊት የታየውን ይዞ ጠዋት ምን ይደረጋል? አብዛኞቻችን ፊታችንን ታጥበን፣ ቁርስ ቀማምሰን፣ ወደየሥራችን እንሄዳለን፤ ሕልሙም እልም ብሎ ይቀራል። ዛሬ የማወጋችሁ እንዲህ ስላላደረገ ሰው ነው። የኖረው ከእኛ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። እንደ እኔ የሒሳብ ጸሐፊ ነበረ፤ ግጥምም ይጽፍ ነበር፤ በግጥሙ ግን ከእኔ ጋር አይነጻጸርም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ናሲር ኹስረው ይባላል። በ1004 ዛሬ በታጂኪስታን ግዛት ውስጥ በምትገኘው ቁባዲያን ተወለደ። በጉልምስናው ዘመን ኾራሳን የሚባለውን ያን ሰፊ ምድር የሴልጁቅ ቱርኮች ይገዙት ነበር። ናሲርም በመርቭ ከተማ፣ በገዢው በቻግሪ ቤግ አስተዳደር ሥር፣ የመንግሥትን ገቢና ንብረት ከሚቆጣጠሩት ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ። ቀለሙም ቁጥሩም የተዋጣለት፣ በጌቶቹ ዘንድ የተከበረ ሰው ነበር።

በ1045 መገባደጃ ላይ ለሥራ ጉዳይ ከመርቭ ወጣ። በጉዞው ላይ ሳለ ኮከብ ቆጣሪዎች «የተለመነ ሁሉ የሚሰጥበት ነው» የሚሉት ቀን ደረሰ። ናሲር ወደ ጥግ ዞር ብሎ ሰገደና ፈጣሪውን ሀብት ለመነ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል ሰው ሌላ ምን ይለምናል?

ከዚያ ዛሬ የሰሜን አፍጋኒስታን ክፍል ወደሆነችው ጁዝጃን ዘለቀ፤ አንድ ወር ያህልም በወይን ጠጅ ሰክሮ ከረመ። ይህን የሚነግረን ጠላቱ አይደለም፤ ራሱ ነው። አንድ ሌሊት በሕልሙ አንድ ሰው መጣና እስከ መቼ አእምሮን የሚያጠፋ መጠጥ እንደሚጠጣ ጠየቀው። ናሲርም የዓለምን ሐዘን ለማቅለል ጠቢባን ከዚህ የተሻለ እንዳላገኙ መለሰለት። እንግዳው ግን ራስን መሳት ዕረፍት እንዳልሆነ፣ ሊፈለግ የሚገባው ማስተዋልን የሚጨምር ነገር መሆኑን ነገረው። ያ ነገር ከወዴት ይገኛል ቢለው፣ የሚፈልግ እንደሚያገኝ አስታውቆት፣ በእጁ ወደ መካ አቅጣጫ አመልክቶ ዝም አለ።

ልብ በሉ! ሕልሙ የሰጠው አቅጣጫ ብቻ ነው። ስንቅ አልሰጠውም፤ ምን እንደሚያገኝም አልነገረውም። ናሲር ግን ሲነቃ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን የአርባ ዓመት እንቅልፍ ተኝቶ እንደኖረ ተሰማው።

አሁን ወደ ጠዋቱ እንምጣ። እኔን ይህን ሰው ያስወደደኝ ሕልሙ ሳይሆን ጠዋቱ ነውና። ናሲር ብድግ ብሎ አልጠፋም። ወደ መርቭ ተመልሶ ከሥራው እንዲያሰናብቱት ጠየቀ፤ የሚጠየቅበትን ሒሳብ አወራርዶ ዘጋ፤ ለመንገድ ከሚያስፈልገው ጥቂት ነገር በቀር ያለውን ንብረት ተወ። ከዚያም በመጋቢት 1046፣ ወንድሙን አቡ ሰዒድንና አንድ ሕንዳዊ ባሪያ ልጅ አስከትሎ መንገድ ጀመረ። በእኛ ሙያ ሒሳቡን ሳይዘጋ የሄደ ሰው መንገደኛ አይባልም፤ ኮብላይ ነው የሚባለው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያን ጊዜ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ቀን ያልተጻፈበት የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነበረኝ። «ግጥም እየጻፍኩ እኖራለሁ» የሚል ሕልም ነበረኝና ናሲር ፈቃድ የሰጠኝ መሰለኝ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ ያን ጊዜ የፈታሁት ለራሴ እንደሚመቸኝ አድርጌ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሌላ ነገር አየሁ።

ናሲር ሰባት ዓመት ዞረ። በተብሪዝ በኩል አልፎ ወደ ሶርያ ወረደ፤ በ1047 ኢየሩሳሌምን አየ፤ በዚያው ዓመት ካይሮ ገባ። በካይሮ ሦስት ዓመት ገደማ ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ ግብፅን ይገዛ ለነበረው ለፋጢማውያን ኸሊፋ ለአል-ሙስተንሲር የኢስማዒሊያ ትምህርትም ልቡን ሰጠ። በሕልሙ ሲፈልግ የነበረውን ያገኘ የመሰለው እዚያ ነው። ነገር ግን ሥራውን ቢተውም ሥራው እርሱን አልተወውም። በኢየሩሳሌም የመስጊዱን ግቢ በክንድ ለካ። በካይሮ 20,000 ያህል ሱቆች መኖራቸውን፣ ሁሉም የገዢው ንብረት መሆናቸውን፣ የብዙዎቹም ኪራይ በወር አሥር ዲናር መሆኑን መዘገበ። በመጨረሻም የመንገዱን ርዝመት ደምሮ 2,220 ፈርሰኽ አለው፤ አንድ ፈርሰኽ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ሰፈርናሜ» የተባለውን የጉዞ መጽሐፉን ዛሬም ተወዳጅ ያደረገው ይህ የጸሐፊ ዓይን ነው።

በ1050 ከካይሮ ተነሥቶ ዓባይን ተከትሎ እስከ አስዋን ወጣ። ከዚያም በረሃውን አቋርጦ ዛሬ ፍርስራሹ ብቻ ወደቀረው የቀይ ባሕር ወደብ ወደ ዐይዛብ ደረሰ። በዚህች ወደብ ከሐበሻ፣ ከዛንዚባርና ከየመን በመርከብ ከሚመጣው ዕቃ ላይ ቀረጥ ይሰበሰብ እንደነበረ ይነግረናል። ለጉዞ የሚሆን ነፋስ ሲጠብቅ ሦስት ወር ተቀመጠ፤ ገንዘቡም አለቀ። ይሁንና በአስዋን የተዋወቀው አንድ ወዳጁ፣ በዐይዛብ ላለው ወኪሉ ደብዳቤ ጽፎለት ነበር። ናሲር የፈለገውን እንዲሰጡትና ደረሰኝ እንዲቀበሉት የሚያዝ ደብዳቤ ነው። ናሲር ሲቸግረው ደብዳቤውን አቀረበ፤ ዱቄት ወሰደ፤ ደረሰኙን ፈረመ። ከዚህም በኋላ የፈለገውን ያህል እንዲሰጡት፣ ቢጎድል ወዳጁ ራሱ እንደሚተካ የሚገልጽ ሁለተኛ ደብዳቤ ከአስዋን መጣ። እኔ በየቀኑ የብድርና የሐዋላ ወረቀት አገላብጣለሁ፤ እንዲህ ያለ መያዣ የሌለው እምነት ግን በእጄ ገብቶ አያውቅም።

ከመካ ወደ ምሥራቅ ሲመለስ ደግሞ ፈለጅ በምትባል የዓረብ በረሃ መንደር አራት ወር ታገተ። ከሁለት ቅርጫት መጻሕፍት በቀር ምንም አልነበረውም። ሰዎቹም የተራቡ ስለነበሩ መጽሐፍ የሚገዛ አልተገኘም። አንድ ቀን በነበረው ቀለም በመስጊዱ ግድግዳ ላይ ስንኝ ጽፎ በሐረግ ቢያስጌጠው፣ የመንደሩ ሰዎች ተደንቀው የመስጊዱን ምሕራብ እንዲያስውብላቸው ለመኑት፤ ዋጋውንም በተምር ከፈሉት። እነዚያ ሰዎች ጦር መጥቶ ተምር አምጡ ቢላቸው እየሞቱ እምቢ ያሉ ናቸው። ለሰይፍ የነፈጉትን ለቀለም ሰጡ።

ከፈለጅ የወጣውም በዱቤ ነው። አንድ ባለ ግመል በ30 ዲናር ዕዳ እስከ ባስራ ሊያደርሰው ተስማማ። መጻሕፍቱን ጫነ፤ ወንድሙን በግመሉ ላይ አስቀመጠ፤ ራሱ በእግሩ ሄደ። በ1051 መጨረሻ ባስራ ሲደርሱ ልብሳቸው ተቀዳዶ፣ ጠጉራቸው ተንጨባርሮ ነበርና ባለ መታጠቢያ ቤቱ አባረራቸው፤ ልጆችም እብድ መስለዋቸው ድንጋይ ወረወሩባቸው። በኋላ አንድ ባለሥልጣን ዕዳውን ከፍሎ፣ አልብሶ ክብሩን ሲመልስለት ወደዚያው መታጠቢያ ቤት ቢሄድ፣ ያው ሰው ተነሥቶ ተቀበለው።

ሁለተኛ ሳነብ ያስተዋልኩት እንግዲህ ይህን ነው። ሕልሙ የናሲር ቢሆንም መንገዱ የሌሎች ሰዎች ገንዘብ፣ ዱቄትና ተምር ነበረ። ናሲርም ይህን አልካደም፤ እንደ ጥሩ ጸሐፊ ብድሩን በመጽሐፉ መዘገበ።

ይሁን እንጂ ያልተመዘገበም አለ። ከፈለጅ ወደ ባስራ ሲሄድ ዛሬ የሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል በሆነችው በላሕሳ በኩል አልፏል። በላሕሳም እርሻና የአትክልት ቦታ የሚሠሩ 30,000 የተገዙ የዛንጅና የሐበሻ ባሪያዎች እንደነበሩ ጽፏል። አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። እነዚህም ሰዎች ቀይ ባሕርን ወይም ውቅያኖሱን ተሻግረዋል። ነገር ግን አሰናብቱኝ ብለው የጠየቁት ጌታ፣ ዘግተው የወጡት ሒሳብም አልነበራቸውም፤ እነርሱ ራሳቸው በሰው ሒሳብ ላይ የተጻፉ ቁጥር ነበሩ። ከመርቭ የተከተለው ያ ሕንዳዊ ልጅስ? በመጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ስሙ ግን የለም። የልመናውን፣ የስካሩንና የዕዳውን ነገር ሳይደብቅ የነገረን ሰው፣ ከኋላው ይሄድ የነበረው ልጅ ሌሊት ምን ያልም እንደነበረ አልጠየቀም።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ የራሴንም መስኮት በሌላ ዓይን አየሁት። ከባሕር ማዶ የሚላክ ገንዘብ ለመቀበል የሚመጡ እናቶች ፊቴ ይቆማሉ። በወረቀቱ ላይ የላኪዋ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ የአገሩ ስም አለ፤ ብዙ ጊዜ አገሩ ያው የናሲር በረሃ ነው። ልጆቹ እንደ ላሕሳዎቹ ሰዎች ተሸጠው አልሄዱም፤ ሕልም አይተው፣ አንዳንዶቹም ተበድረው ነው የሄዱት። ወረቀቱ ግን ለሕልም የሚሆን መስመር የለውም። እኔም ለዓመታት ቁጥሩን ብቻ አይቼ ማህተም መታሁ።

ናሲር በ1052 አገሩ ገባ። ያገኘውን ትምህርት ሲሰብክ ተሰደደ፤ የቀረ ዘመኑንም በባዳኽሻን ተራሮች መካከል፣ በዩምጋን ሸለቆ፣ እየጻፈ ፈጸመው። መቃብሩም እዚያው ነው። እንደለመነው ሀብታም አልሆነም።

የእኔ ደብዳቤ አሁንም ቀን አልተጻፈበትም። አንድ ቀን እጽፍበት ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን የምዘጋው ሒሳብ እንዳለብኝ አውቄያለሁ። እስከዚያው የላኪዋን ስም ስጽፍ ፊደሉን እንዳላሳስት እጠነቀቃለሁ። ወረፋው ፋታ ሲሰጠኝም ቀና ብዬ «እማማ፣ ልጅዎ ደኅና ናት?» እላለሁ። መልሱ አንዳንዴ ከገንዘቡ ይረዝማል።

ጌታም ሕልም አለመ፥ ሎሌም ሕልም አለመ፤
አንዱ ጻፈውና፥ ሺህ ዘመን ከረመ፤
አንዱ ግን ሳይነግረው፥ ጓዙን ተሸከመ።