የስሜኑ ገዥና የአባ ያዕቆብ ትምህርት ቤት



በስሜን ተራራዎች ውስጥ፥ በጃናሞራ ምድር፥ ደረስጌ ማርያም የተባለች ስመ ጥር ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ያሠሯት የስሜኑ ተወላጅ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፥ በሥራውም ዊልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ረድቷቸዋል። የደባርቅና የዳባት ልጆች ሁሉ እንደሚያውቁት፥ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን በዚያ አገር ድል ነሥተው፥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህ በየታሪክ መጽሐፉ የተጻፈ ነው። ከዚህ ታላቅ ታሪክ ጎን ግን ብዙ ያልተነገረለት የአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ታሪክ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ታሪክ ማስታወስና ለዛሬው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ምክር መመርመር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምንነጋገር መግለጥ ይገባል። ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን «ማኅበራዊ ትምህርት» የምትለው ትምህርት በታላቅ መልእክት ተጽፎ የወጣው በ1891 ነው። በዚያ ዓመት ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች ኑሮ ጽፈው፥ ሠራተኛ እንደ ዕቃ ሊቈጠር እንደማይገባውና ደመወዙም ለኑሮው የሚበቃ መሆን እንዳለበት አስተማሩ። ከ40 ዓመት በኋላ በ1931 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በዚህ ላይ ሲጨምሩ፥ ታናሹ ማኅበር ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ታላቁ ሊነጥቀው አይገባም አሉ። እንግዲህ ትምህርቱ ባጭሩ አራት ምሰሶዎች አሉት፤ እነርሱም የሰው ክብር፥ የጋራ ጥቅም፥ መደጋገፍ፥ እንዲሁም ለታናሹ የራሱን ድርሻ መተው ናቸው።

አንዳንድ ሰው ይህ ለፋብሪካ አገር እንጂ ለእኛ ለገበሬ ልጆች ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። ነገር ግን ቃሉ ከመጻፉ በፊት ሥራው በአገራችን ታይቷል፤ ሥራውን የሚያፈርሰውም ነገር እንዲሁ በአገራችን ታይቷል። ሁለቱን አስተያይቶ መማር የእኛ ፈንታ ነው።

የሚያፈርሰውን ነገር አስቀድመን እንመልከት። በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ኢየሱሳዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ በትግራይ በፍሬሞና ተቀምጠው የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ ልጆችንም ሰብስበው አስተማሩ። ወደ ዐፄ ዘድንግል ፊት በቀረቡ ጊዜ ያስተማሯቸውን ልጆች ይዘው ሄደው፥ ልጆቹ የተማሩትን በቃላቸው ሲመልሱ ንጉሡ አደነቁ ይባላል። ፓኤዝ በ1622 እስከ ሞቱ ድረስ ሥራቸው በትዕግሥት ነበረ። ከእርሳቸው በኋላ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። በዐፄ ሱስንዮስ ሥልጣን ተደግፈው ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፥ የአባቶች ሥርዓትም እንዲለወጥ አዘዙ። ከዚህም የተነሣ ገበሬው ዐመፀ፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ሰይፍ መዘዘ። በ1632 ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ ሱስንዮስ ራሳቸው የቀድሞውን ሃይማኖት በዐዋጅ መለሱ፤ ዘውዱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ፓኤዝ በትዕግሥት የተከሉትን ትእዛዝ ነቀለው። በሕዝቡም ልብ ውስጥ ከባሕር ማዶ በሚመጣ መምህር ላይ ለብዙ ዘመን የማይጠፋ ጥርጥር ተተከለ።

ከ200 ዓመት በኋላ፥ በ1839፥ በኢጣልያ አገር በሳን ፌሌ በ1800 የተወለዱት ላዛሪስቱ አባ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ዓድዋ ደረሱ። ሕዝቡም «አባ ያዕቆብ» ይላቸው ጀመር። በዚያን ጊዜ ትግራይን የሚገዙት የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ነበሩና የመቀመጥ ፈቃድ ያገኙት ከእርሳቸው ነው። አባ ያዕቆብ የ1632ን ነገር በሚገባ አስተውለውታል ማለት ይቻላል፤ የአገሩን መነኵሴ ልብስ ለበሱ፥ የአገሩን ምግብ ተመገቡ፥ ቋንቋውን አጠኑ፥ የግዕዙንም ሥርዓተ ቅዳሴ እንደ ያዙ ቆዩ። በ1841 ውቤ አዲስ ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞችን በላኩ ጊዜ፥ አባ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ተጠየቁና ሄዱ። ከመልእክተኞቹም አንዱ በጎጃም በመርጡለ ማርያም አጠገብ የተወለዱት ሊቅ መነኵሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። ከዚያ ጕዞ አቡነ ሰላማ ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ አባ ያዕቆብና ከመልእክተኞቹ ብዙዎቹ ደግሞ እስከ ሮማና እስከ ኢየሩሳሌም ደረሱ።

ከዚህ በኋላ በ1840ዎቹ አጋማሽ በአጋሜ፥ በአዲግራት አጠገብ፥ በጓላ ትምህርት ቤቱ ተሠራ። ከውጭ ለሚያየው ትልቅ ነገር አልነበረም። ነገር ግን በውስጡ የነበረውን ሥርዓት ብናስተውል፥ በ1891 የተጻፈውን ትምህርት አስቀድሞ በሥራ ተገልጦ እናገኘዋለን። አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ፥ በዕድሜ ከአባ ያዕቆብ የሚበልጡ፥ በግዕዝም ሊቅነት የታወቁ ሲሆኑ፥ የውጭ አገሩ መምህር እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ መምህር አከበሯቸው። ሁለቱም በአንድነት የትምህርተ ሃይማኖትን መጽሐፍ በአገር ቋንቋ አዘጋጁ፤ ወጣቶችንም አስተማሩ። አባ ያዕቆብ ጵጵስና ከተቀበሉ በኋላ በ1851 አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሟቸው። ይህ ማለት አገሬው ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ለአገሬው መተው ማለት ነው፤ ፒዮስ 11ኛ በ1931 የጻፉት ቃል ይኸው ነው። እኚሁ ር.ሊ.ጳ. በ1926 የአባ ገብረ ሚካኤልን ብፅዕና ያወጁ መሆናቸውንም ልብ ማለት ይገባል።

ትምህርት ቤቱ ግን ብዙ አልቆየም። የደጃዝማች ውቤ ጥበቃ እንደ ጊዜው ነገር የሚለዋወጥ ስለ ነበረ፥ የአቡነ ሰላማም ተቃውሞ ስለ በረታ፥ ስደት ተነሣ። በ1854 በጎንደር አባ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ታሰሩ። አባ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በእግር ግንድ ተቀፈደዱ። በ1855 የካቲት በደረስጌ የሆነውን ደግሞ ቀደም ብለን አይተናል። የታሪክ ነገር ይደንቃል! ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፥ ውቤ መልእክተኛ ልከው ያስመጧቸው ጳጳስ፥ ውቤን ድል የነሡትን ንጉሥ ቀቡ። ጳጳሱን ለማምጣት ግብፅ ድረስ ከወረዱት አንዱ የሆኑት አባ ገብረ ሚካኤልም በዚያው ዓመት በሰንሰለት ታስረው ከጦሩ ጋር ሲንከራተቱ በክረምቱ ወራት በመንገድ ሞቱ። አባ ያዕቆብ በ1860 ወደ ሐላይ ሲጓዙ ዐረፉ፤ በ1975ም ቅድስናቸው በሮማ ታወጀ።

እዚህ ላይ በእውነት መፍረድ ያስፈልጋል። የአቡነ ሰላማ ሥጋት ያለ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ከኋላው የ1632 ደም ነበረ። ሜንዴዝ በካቶሊክ ስም ሰውን አስገደዱ፤ ከ200 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላው ወገን ካቶሊካዊውን በግንድ አሰረ። በሁለቱም ጊዜ የተጎዳው የሰው ሕሊና ነው። ስለዚህ ይመስለኛል የቫቲካን ሁለተኛው ጉባኤ በታኅሣሥ 1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው ውሳኔ፥ ማንም ሰው ከሕሊናው ውጭ እንዲያምን ሊገደድ አይገባውም ያለው ቃል ለእኛ አገር ከማንም አገር ይልቅ የሚስማማው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንምጣ። በስሜን ግርጌ የሚማር ሕፃን ከሩቅ ቀበሌ ገደል ወጥቶ፥ ገደል ወርዶ ይመጣል። ከፍ ሲልም በደባርቅ ወይም በዳባት ከተማ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ፥ ከቤቱ በሚመጣለት ቆሎ፥ በሶና ድርቆሽ ሳምንቱን ይገፋል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ማኅበራዊ ትምህርት ማለት በቃል የሚጠና አንቀጽ አይደለም። ስንቁ ሲያልቅበት ጓደኛው ሳያሳፍረው ያካፍለው እንደ ሆነ፥ መምህሩ የተቀደደ ልብሱን አይቶ ወደ ኋላ ወንበር ያላባረረው እንደ ሆነ፥ እርሱ ቃሉን ሳይማር ነገሩን ተምሯል። አባቶቻችንም ይህን ያውቁታል፤ የቆሎ ተማሪ በየመንደሩ ሲለምን አገሩ እየመገበ ሊቅ አድርጎታል። አባ ገብረ ሚካኤልም የዚሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ፍሬ ነበሩ።

ሁለተኛው ነገር ለወላጆች የራሳቸውን ድርሻ መስጠት ነው። ገበሬው አጥር ለማጠርና ግድግዳ ለማቆም በደቦ ይጠራል፤ ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ጕዳይ ሲመከር እንዲሁ መጠራት ይገባዋል። ጕልበቱን ብቻ ፈልጎ ምክሩን የሚንቅ ትምህርት ቤት የሜንዴዝን መንገድ ይዟል ማለት ነው፤ አባ ያዕቆብ ግን አስቀድመው አዳመጡ።

ሦስተኛው የተራራው ነገር ነው። ስሜን በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ፥ ዋልያ በሌላ አገር የማይገኝበት ምድር ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2015 በጻፉት መልእክት የድኻው ጩኸትና የምድር ጩኸት ተለያይተው የሚሰሙ አይደሉም ብለው አስተምረዋል። ስለዚህ ችግኝ የሚተክል ተማሪ፥ ግጦሽና ማገዶ ያጣውንም ገበሬ ችግር መረዳት አለበት። አለዚያ ዋልያውን አክብሮ ጎረቤቱን ይንቃል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሕሊና ነገር ነው። በአገራችን ብዙው ሕፃን የኦርቶዶክስ ልጅ ነው፤ የእስላም ልጅም አለ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት በእንዲህ ያለ ማኅበር መካከል ሲቆም ጽድቁ የሚታወቀው ስንቱን ወደ ራሱ ሳበ ተብሎ አይደለም። የሌላው ልጅ ጾሙንና ጸሎቱን ሳያፍርበት ፊደል ቈጥሮ፥ ሒሳብ ተምሮ፥ ሰው ሆኖ ሲወጣ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረውን ይኖራል።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከእኛ መካከል ነገ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ወደ ተራራው መንደር የሚላክ ይኖራል። እርሱ ጠመኔውን ይዞ በገባ ጊዜ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ማዘዝ ነው፥ አንዱ አብሮ መኖር። የመጀመሪያው ፈጥኖ ይሠራል፥ ፈጥኖም ይፈርሳል። ሁለተኛው ግን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው ነው። የጓላ ትምህርት ቤት ፈረሰ፤ መምህሩ በሰንሰለት ሞቱ፤ ሥራቸው ግን እነሆ እስከ ዛሬ ያስተምረናል።